ጫማ ልጠብቅ ያልኩ ቀን

ሠላሳ ሁለት ዓመት ለትዝታ ያንሳል ይሉኛል። ይበሉ። እኔ ባላረጅም የማስታውሰው ሰፈር አርጅቶ ሄዷል። ስለ ድሮዋ ፒያሳ ለማውራት ዕድሜ አይጠየቅም፣ ከመፍረሷ በፊት እዚያ መዋል ይበቃል። ባለፈው ቅዳሜ ጠዋት ቸርችል ጎዳናን ሽቅብ እየወጣሁ ነበር። አዲሶቹ አግዳሚ ወንበሮች ላይ ሰው ተደርድሮ ፀሐይ ይሞቃል። ከመካከላቸው አንድ ድምፅ ሰማሁ፤ ዝግ ያለ፣ እያንዳንዱ ቃል ላይ የሚቆም፣ ሰውን እጁን ይዞ ወደ ውስጥ የሚያስገባ ድምፅ። «እዚህ አንተ የተቀመጥክበት ቦታ ላይ» ይላል፣ «አንድ ኮፍያ ሰፊ ነበር። ሜትር አያወጣም። ጭንቅላትህን አንዴ አይቶ ልክህን ይነግርሃል።» አጠገባቸው የተቀመጠው ጎረምሳ ስልኩን እየነካካ «እሺ አባባ» ይላቸዋል፤ ወዲያው አውቶቡሱ መጣለትና ተነስቶ ሄደ። እሳቸው አልሰሙም፣ ለባዶው ወንበር ኮፍያ ሰፊውን መተረካቸውን ቀጠሉ። ጋሽ ደምሴ ናቸው። ጥቁር መነጽር አድርገዋል፣ ነጭ ዘንግ ጉልበታቸው ላይ አጋድመዋል። እግሬ ከእኔ ቀድሞ ያደረገውን ልናገር፤ መንገዱን ሊሻገር ዞረ።

ይህ እግሬ መንገድ መሻገር የለመደው እዚያው ፒያሳ ነው። አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ጨርሼ ዩኒቨርሲቲ የሚያስገባ ነጥብ አላመጣሁም ነበር። እናቴ እሪ በከንቱ ካለው ቤታችን ጠዋት «ሥራ ፈልጊ» ብላ ታስወጣኛለች፤ እኔም በራስ መኮንን ድልድይ አድርጌ፣ የአሮጌ መጽሐፍና የካልሲ ነጋዴዎቹን እየዘለልኩ፣ ሽቅብ ወደ ፒያሳ ወጥቼ ቀኑን ሙሉ መዞር ነው። ያኔ ማኪያቶ በስድስት ብር ይጠጣ ነበር። የታክሲ ረዳት የሳንቲም መልስ ይሰጥ ነበር፣ ካልሰጠም ጥሩ አድርጎ ይሰደብ ነበር። የወርቅ ቤቶቹ መስታወት ፊት ቆመን የማንገዛውን የጆሮ ጌጥ ለራሳችን እንለካለን። ከሙዚቃ ቤቱ የሚወጣው ዘፈን ቁልቁለቱን እስክንጨርስ ይከተለናል፤ አዲስ ካሴት የወጣ ሳምንት ሰፈሩ በሙሉ አንዱኑ ዘፈን ሲያንጎራጉር ይሰነብታል። ሱሪዬ ጠባብ ጂንስ፣ ጫማዬ ነጭ ሸራ፣ ፀጉሬ ደግሞ በዘመኑ ፋሽን አንዱን ዓይኔን ሸፍኖ የተጋደመ ነበር። ይህ ሁሉ አሁን ሰፊ የእግረኛ መንገድና አበባ ሆኗል። ያምራል፣ አልዋሽም። ግን ማዕዘኖቹ የሉም፤ ያለ ማዕዘን ደግሞ ሰው የት ይቀጣጠራል?

ጋሽ ደምሴን ያወቅኳቸው ከሲኒማ ቤቱ ዝቅ ብላ በነበረችው ካፌ ነው። ባንኮኒው ጥግ ላይ ቆመው ነው የሚጠጡት፤ ቡናማ ኮት፣ ባርኔጣ፣ የተወለወለ ጫማ። አንድ ቀን ስልካቸውን ወደ እኔ ዘረጉና «ልጄ፣ እስቲ ይህቺን መልእክት አንብቢልኝ፤ መነጽሬን ቤት ረስቼ ነው» አሉኝ።

«ጋሼ፣ መነጽርዎ አፍንጫዎ ላይ ነው እኮ!» አልኩ። ድምፄ ደግሞ ቀስ ማለት አያውቅም። ባንኮኒው በሙሉ ዞረ።

ሳቁ። «ቀስ በይ፣ ሰፈሩን ሁሉ አትጥሪብኝ። ምን ይላል?»

«ነገ በሦስት ሰዓት፣ ስምንት እንግዳ አለ ይላል።»

«ነገ ሦስት ሰዓት ላይ ሥራ አለሽ?»

«እኔ? እኔ መቼም ሥራ ኖሮኝ አያውቅም።»

«እንግዲያው አገኘሽ።»

እንዲህ ነው የጋሽ ደምሴ ዓይን የሆንኩት። አስጎብኚ ነበሩ፤ ሥራውን የሚሰጣቸው አንድ የጉዞ ድርጅት ነበር። የሚይዟቸው እንግዶች ጥንታዊ የአይሁድና የክርስትና ቦታዎችን ለማየት ወደ ሰሜን የሚሄዱ ናቸው፤ ከመሄዳቸው በፊት አንዱን ቀን አዲስ አበባ ላይ ከጋሽ ደምሴ ጋር ያሳልፋሉ። ጠዋት ከፒያሳ ወደ ላይ፣ ሸክላ ሠሪዎቹ ሰፈር። እዚያ ቅዳሜን የሚያከብሩ፣ የእስራኤልን ሥርዓት ከአባቶቻችን ተቀብለናል የሚሉ ሰዎች አንዲት ትንሽ የጸሎት ቤት ነበረቻቸው። ከሰዓት ደግሞ ከአራዳ ከፍ ብሎ ያለ አንድ አሮጌ ክብ ቤተ ክርስቲያን። ጋሽ ደምሴ አንዱን በሌላው ይፈቱላቸዋል፤ ስለ ቅድስት፣ ስለ መቅደስ፣ ስለ ታቦት፣ በስምንተኛው ቀን ስለሚገረዝ ሕፃን ሲያወሩ እንግዶቹ መጻፍ ያቆማሉ። በዓይናቸው ላይ ጥላ የገባው ከዚያ ሁለት ዓመት ቀድሞ ነው። ድርጅቱ አያውቅም። ሚስታቸው ሞተዋል፣ ነርሲንግ የምትማር አንዲት ልጅ አለቻቸው፣ ድርጅቱ ካወቀ እሷም ትምህርቷን ታቆማለች። ይህን ሁሉ በመጀመሪያው ሳምንት ነግረውኛል። ከዚያ በኋላ አንድም ቀን አላነሱትም።

አሠራራችን ቀላል ነው። በግራቸው ሆኜ ክርናቸውን እይዛለሁ። ደረጃ ሲመጣ አንድ ጊዜ ጫን፣ ዝቅ ያለ ጉበን ሲመጣ ሁለት ጊዜ ጫን። ቤተ ክርስቲያኑ ውስጥ ደግሞ መቅደሱ አራት ማዕዘን ሆኖ በአራቱም ግድግዳ ከላይ እስከ ታች ሥዕል ነው። ጋሽ ደምሴ ሥዕሎቹን አንድ በአንድ በልባቸው ያውቋቸዋል፤ የማያውቁት የትኛው ፊት እንደቆሙ ነው። ስለዚህ እኔ ነጠላዬን አፌ ላይ አድርጌ አንዲት ቃል አንሾካሹካለሁ፦ «ጊዮርጊስ»፣ «እመቤታችን»፣ «ሲኦል»። እሳቸው ዘንጋቸውን ያነሱና ይጀምራሉ። እንግዶቹ ጸሎት የማደርግ ነበር የሚመስላቸው። አንዲቱ አሮጊት እንግዳ ስትሰናበተኝ ጉንጬን ይዛ «እንዳንቺ ያለች መንፈሳዊ ልጅ አይቼ አላውቅም» ብላኛለች። ጋሽ ደምሴ ይህን በሰሙ ጊዜ እስከ ድልድዩ ድረስ ሳቁብኝ። «መንፈሳዊት ሆይ» እያሉ አንድ ወር ጠሩኝ።

በጣም የሚወዷት አንዲት ማብራሪያ ነበረቻቸው። የእኛ ሠዓሊዎች ጻድቁን ፊት ለፊት፣ በሁለት ዓይኑ ይስሉታል፤ ኃጢአተኛና ሰይጣን ግን በጎኑ ነው የሚሳለው፣ አንድ ዓይኑ ብቻ ነው የሚታየው። «ጻድቅ ያይሃል» ይሏቸዋል ለእንግዶቹ፣ «ክፉ ግን ፊቱን ያዞራል።» ከዚያ በኋላ ወደ እኔ ጎንበስ ብለው በአማርኛ «ያንን ፀጉርሽን ሰብስቢ፣ ከሲኦሉ ሥዕል ጋር ይቀላቅሉሻል» ይሉኛል። ፀጉሬን እንዴት አወቁት? በመጀመሪያው ሳምንት እናቴ አሠሪዬን ልታይ መጥታ በፀጉሬ ስታማርር ሰምተው ነው። የሰሙትን ነገር አይረሱም።

አሁን ወደማልወደው ቦታ ደረስኩ። ሴት አስጎብኚ በወር ውስጥ ቤተ ክርስቲያን የማትገባባቸው ቀኖች አሏት። ይህን የማያውቅ ያገሬ ሰው የለም፤ ግን ጮክ ብሎ የሚናገረውም የለም። እኔ ቀኑን ቆጥሬ «ጉንፋን ይዞኛል» እላቸዋለሁ፣ እሳቸውም ሥራውን ወደፊት ይገፉታል። በየወሩ ጉንፋን የሚይዛት ጤነኛ ልጅ። አንድም ቀን አልጠየቁኝም። ባለሱቁን ፊት ለፊት «ሚዛንህ ሌባ ነው» የምለዋ፣ ለፖሊስ አፍ የምመልሰዋ፣ ለማንም የማልበገረዋ እኔ ያቺን አንዲት ዓረፍተ ነገር ግን አንድ ሽማግሌ ፊት ማውጣት አልችልም ነበር።

ያ ቀን ሰኔ መግቢያ ነው፣ ሰማዩ ደፍኗል። አሥራ አንድ እንግዳ ነበር፣ ድርጅቱም አብሮ እንዲሄድ አንድ ሠራተኛውን ልኳል፤ ሥራችንን ሊያይ እንደመጣ ግልጽ ነው። ጋሽ ደምሴ ኮታቸውን አስተኩሰው መጥተዋል። መኪናው ሽቅብ ሲወጣ ሆዴን ቆረጠኝ፤ ቀኑ ሳይደርስ፣ አንድ ሳምንት ቀድሞ። ሸክላ ሠሪዎቹ ሰፈር ስንደርስ የጸሎት ቤቱ በር ላይ ቆሜ ቀረሁ። እዚያም ሥርዓቱ ያው ነው። ደግነቱ አንድ ክፍል፣ አንድ በር ስለሆነች ጋሽ ደምሴ እኔን አይፈልጉም፤ የቤቱ ሽማግሌ ራሳቸው ተቀብለው አስገቧቸው። ውጭ እማማ ሸዋዬ የሚባሉ ሸክላ ሠሪ ተቀምጠው የጀበና አንገት ያለሰልሳሉ። ቀና ብለው አዩኝ።

«ንጹሕ አይደለሽም፣ አይደል?»

ዞር ዞር አልኩ፣ ሰው እንዳይሰማ። «እማማ፣ ቀስ ይበሉ!»

«ምኑን ነው ቀስ የምለው? ነይ ግቢ፣ ጨርቅ ልስጥሽ።» ጓዳ አስገብተው ንጹሕ ጨርቅ ሰጡኝ፣ እጄንም አስታጠቡኝ። ስንመለስ ሥራቸው ላይ ቁጭ ብለው ቀጠሉ። «በእናቶቻችን ጊዜ እኮ ሴቲቱ ለዚህ ለብቻዋ ጎጆ ነበራት። ስትገባ ባልም ያያል፣ አማትም ያያል፣ ጎረቤቱም ምግብ በሩ ላይ ያስቀምጥላታል። ማን አፈረ? እናንተ ናችሁ የምትደብቁት። ለሽማግሌሽ ልንገርልሽ?»

«ኧረ በማርያም እማማ! እሞታለሁ!»

«አትሞቺም። በዚህ የሞተ የለም» አሉና ወደ ጀበናቸው ተመለሱ።

መናገር የምችልባቸው ሃያ ደቂቃዎች ነበሩኝ፣ ከዚያ እስከ ቤተ ክርስቲያኑ። ጋሽ ደምሴ አጠገቤ ነው የተቀመጡት። ዋናው መንገድ ተቆፍሮ ስለነበር ሾፌሩ በውስጥ ለውስጥ ዞሮ በላይኛው በር አቆመ። ይህን ያየሁ እኔ ብቻ ነኝ፤ ማለቴ፣ ትርጉሙን ያወቅኩ እኔ ብቻ ነኝ። በላይኛው በር ከገባን ቤተ ክርስቲያኑን የምናገኘው ከወትሮው በተቃራኒ በኩል ነው። የመጀመሪያው ግድግዳ ጊዮርጊስና እመቤታችን ያሉበት ሳይሆን ሲኦል ያለበት ነው። ፀሐይ ቢኖር ኖሮ ፊታቸው ላይ ያረፈበትን ጎን ይለዩ ነበር። ፀሐይ አልነበረም። እኔም የማስበው ስለ ቀሚሴ ነበር፤ ቀሚሴ ላይ ምልክት ይኑር አይኑር ብቻ።

እንግዶቹ በሩ ላይ ጫማቸውን አወለቁ። ጋሽ ደምሴም አወለቁ፣ ክርናቸውን ዘረጉልኝ።

«ጋሼ፣ እኔ ጫማውን ልጠብቅ» አልኩ።

«ጫማ?»

«ሌባ አለ ይላሉ።»

ክርናቸው እንደተዘረጋ ቀረ። የድርጅቱ ሰውዬ አጠገባችን ቆሟል። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ዛሬ ነው ጫማ የምትጠብቂው?» አሉ።

«ዛሬ ነው።»

አልለመኑኝም። እጃቸውን ሰበሰቡ፣ ባርኔጣቸውን አውልቀው ደረታቸው ላይ አደረጉ፣ የእንግዶቹን ኮቴ ተከትለው ገቡ። እኔ አሥራ ሦስት ጥንድ ጫማ መሃል ደረጃው ላይ ቁጭ አልኩ። ማንም ሌባ አልነበረም። በግቢው ውስጥ አንድ ዲያቆንና ሁለት እርግቦች ብቻ ነበሩ።

ከዚያ ድምፃቸውን ሰማሁ። እንደዚያ ቀን አምሮ አያውቅም። ተነሳሁና ከደፉ ሳላልፍ የመጋረጃውን ጠርዝ ገለጥ አድርጌ አየሁ። ጋሽ ደምሴ ፊታቸውን ወደ እንግዶቹ አድርገው ዘንጋቸውን ወደ ኋላ አንስተዋል። ዘንጉ የሚያመለክተው በሰንሰለት ወደታሰረው ሰይጣን ነው፤ ጥርሱ የገጠጠ፣ አንድ ዓይን። «እዚህ እመቤታችንን ታያላችሁ» አሉ። «ዓይኖቿን ተመልከቱ። ሁለቱም ወደ እናንተ ናቸው። በግቢው ውስጥ ከዚህች ፊት የበለጠ የሚያምር የለም።» እንግዶቹ እርስ በርስ ተያዩ። በዝምታው ውስጥ ከበሩ አካባቢ የሴት ልጅ ሳቅ ተሰማ። እሱን ተከትለው ሁለት ሦስት እንግዶች ሳቁ። ከዚያ አንድ ረጅም ሰውዬ፣ ክፋት አልነበረበትም፣ ቀስ ብሎ «ጌታዬ፣ ይታይዎታል?» አላቸው።

ጋሽ ደምሴ ዘንጉን አወረዱ። ግድግዳውን በጣታቸው ጫፍ ሊነኩ እጃቸውን ሰደዱ፤ ከዚያ ሥዕሉ እንዳይነካ ራሳቸው ሁልጊዜ ለእንግዳ የሚናገሩት ትዝ ብሏቸው መሰለኝ፣ እጃቸውን መለሱ። «አይታየኝም» አሉ። በእንግሊዝኛ፣ በዚያው ባማረ ድምፅ። «ይቅርታ አድርጉልኝ።»

ሲወጡ ጫማቸውን አቀረብኩላቸው። ጎንበስ ብዬ ላስር ስል እግራቸውን ሳብ አደረጉና ራሳቸው አሰሩት፤ ብዙ ፈጀባቸው። ራስ መኮንን ድልድይ ጋ «አውርደኝ» አሉት ሾፌሩን። እኔን «ደህና ዋይ» አሉኝ። «መንፈሳዊት» አላሉኝም፣ «ልጄ» አላሉኝም። ከዚያ ቀን በኋላ ድርጅቱ አልደወለላቸውም።

እናንተ ቤተ ክርስቲያን ባለመግባቴ የማፍር መስሏችሁ ከሆነ አይደለም። በዚያ አላፍርም፤ ያደግኩበት ነው፣ ዛሬም አልገባም። የሚያሳፍረኝ ጫማው ነው። አንዲት ቃል ሹክ ብላቸው፣ «ጋሼ፣ ዛሬ አይሆንልኝም» ብል፣ እሳቸው ምክንያቱን ሳይጠይቁ ራስ ምታት ፈጥረው ጉብኝቱን በግቢው ይጨርሱት ነበር። «በላይኛው በር ነው የመጣነው» ብላቸው እንኳ ይበቃቸው ነበር፤ የቀረውን በልባቸው ያውቁታል። ከዚያ በኋላ ወራት ሙሉ በዚያች ካፌ በኩል ሳልፍ በመስታወቱ አያቸዋለሁ፤ ያው ኮት፣ ያው ጥግ፣ ስልኩ ባንኮኒው ላይ ፊቱን ወደ ላይ አድርጎ። ባያቸው ቁጥር ወደ ማዶ እሻገራለሁ። አስቡት እስቲ፣ ማየት የማይችሉ ሰው እንዳያዩኝ መንገድ የምሻገር! አንድ ቀን ጥጉ ባዶ ሆነ። ቆይቶ ካፌዋም ፈረሰች፣ የምሻገርበት ምክንያትም አብሮ ፈረሰ አልኩ።

ባለፈው ቅዳሜ ግን እግሬን መለስኩት። ጎረምሳው በለቀቀው ቦታ ተቀመጥኩ።

«ጋሽ ደምሴ።»

ኮፍያ ሰፊው ላይ ቆሙ። ራሳቸውን ትንሽ ዘንበል አደረጉ፣ እንደ ድሮው፣ ቃሏን ሊሰሙ። «መንፈሳዊት ናት?» አሉ። «አዎ ጋሼ» አልኩ። «አድገሽ ድምፅሽ ወፈረ። አሁን ምን ትሠሪያለሽ?»

«ሱፐርማርኬት ካሸር ነኝ። ልጅዎስ?»

«ተመርቃለች። በማታ ጨረሰችው፣ ቀን እየሠራች። እዚያ ማዶ ፋርማሲ ገብታለች፣ የዓይን ጠብታዬን ልትገዛ።» መኪና አለፈ። «ምን አለ ከፊታችን?» አሉኝ።

«መንገድ። አበባ። የብስክሌት መንገድ፣ ብስክሌት ግን የለበትም።»

«ካፌዋስ?»

«የለችም።»

«ጥሩ። ሌላው ሁሉ እያባበለ ነው የሚነግረኝ።»

ከዚያ ተናገርኩት። አሥራ ሦስት ዓመት የያዝኩትን ዓረፍተ ነገር፣ ፊቴን ወደ መንገዱ አድርጌ፣ በአንድ ትንፋሽ አወጣሁት፦ የወር አበባዬ መጥቶ ነበር፣ ማፈሬ ነው፣ ጫማው ውሸት ነው፣ በላይኛው በር እንደመጣን አውቄ ነበር። እስኪስቁብኝ ጠበቅኩ። አልሳቁም።

«ይቺን ገምቼ ነበር» አሉ። «የሴት ልጅ አባት ነኝ እኮ። በየወሩ የሚመጣ ጉንፋን የት አለ? ልጠይቅሽ አፍሬ ነው። እኔም ያው ነኝ።» ዘንጋቸውን ጉልበታቸው ላይ አንከባለሉ። «እኔ ሌላ ነገር ነው የምፈልገው። የሳቀችው ማን ነበረች?»

«አንዲት እንግዳ ናት» አልኩ።

ጆሯቸውን ወደ እኔ አዘነበሉ። «ድምፅሽ ወደ መንገዱ እየሄደ ነው» አሉ። «ወደ እኔ ዞረሽ ንገሪኝ።»

ይህን ስጽፍም ከላይ «ሳቅ ተሰማ» ብዬ አልፌዋለሁ፤ ተመልሳችሁ እዩት። ሰይጣኑን እንደዚያ ሲያሞካሹት አፈትልኮብኝ ነው፤ ግን የሳቀ ሰው የሳቀ ነው። ዞርኩ። ሙሉ ፊቴን አዞርኩ፤ ጥቁሩ መነጽር ውስጥ ሁለቱ ዓይኖቼ ይታዩኛል።

«እኔ ነበርኩ ጋሼ። የሳቅኩት እኔ ነኝ።»

አውቀውት እንደነበር ፊታቸው ነገረኝ። የሰሙትን ነገር አይረሱም። ይቅር ብዬሻለሁ አላሉኝም፣ እኔም ይቅር ይበሉኝ ለማለት አፌ አልታዘዘልኝም። ባርኔጣቸውን አስተካከሉ፣ ዘንጋቸውን ተክለው ተነሱ፣ የግራ ክርናቸውን ዘረጉ።

«አሻግሪኝ» አሉ። «ልጄ ማዶ ናት።»

ያዝኳቸው። የእግረኛ መንገዱ ጠርዝ ላይ ስንደርስ አንድ ጊዜ ጫን አደረግኩ። እግራቸውን አነሱ።